ሐጂ ሐሚድ ውሉን አንብበው እስኪጨርሱ

እኛ ቤት ያለው ላፕቶፕ የባለቤቴ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ኋላ ላይ «የራሱን ዕቃ ቢያበላሽ እኛን ምን አገባን?» ብላችሁ እንዳትሄዱብኝ ነው። ቦርሳው የእሷ፣ ቻርጀሩ የእሷ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈችው ቢራቢሮ የእሷ። የእኔ የሆነ ነገር ቢኖር እጄ ብቻ ነው። ጥፋቱም የመጣው በእሱ በኩል ነው።

ባለቤቴ ኦብሴ ትባላለች። የወለጋ ልጅ ናት፤ እዚህ አሶሳ ሰባተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት ታስተምራለች። መብትና ግዴታ፣ ሕግና ኃላፊነት የሚባሉትን ነገሮች ቀን ለተማሪዎቿ፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ለእኔ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ በየዓመቱ ያልፋሉ። እኔ እዚያው ክፍል እየደገምኩ አለሁ።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ «አይቲው» ይሉኛል። የተቀጠርኩት መዝገብ ቤት ነው፤ የአይቲነቱን ማዕረግ ያገኘሁት ግን በአንድ ጀምበር ነው። ፕሪንተሩ አልሠራ ብሎ የቢሮው ሰው ከብቦት ሲያዝን፣ ጎንበስ ብዬ ወልቆ የተንጠለጠለውን ሶኬት ሰካሁት። ማሽኑ ሲያጓራ አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ እኮ እዚህ ባክነህ ነው የቀረኸው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ የተቆለፈበትም፣ ኢሜይሉ የጠፋበትም፣ ቴሌቪዥኑ በረዶ የሚያሳየውም ወደ እኔ ይመጣል። እኔም «ችግር የለም» እላለሁ። ውሸት ሲደጋገም ሌላው ሰው ባያምነው እንኳ ባለቤቱ ያምነዋል።

ላፕቶፑን የገዛነው በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ ነው። ስንገዛው ፎርማት ተደርጎ እንግሊዝኛ ሲስተም ተጭኖበት ነበር። ያ ሲስተም የተሰረቀ ቅጂ ኖሯል መሰለኝ፣ ሰሞኑን ስክሪኑን ጥቁር እያደረገ «እኔ ኦሪጅናል አይደለሁም» የሚል ጽሑፍ ማውጣት ጀመረ። ኦብሴ የፈተና ጥያቄ እየጻፈች ሳለች ብቅ ይላል። ታጠፋዋለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ኦሪጅናል አይደለሁም» ይላል።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?» ትለዋለች። «ማን ኦሪጅናል አለና?»

ይህን ስትል ለምን ወደ እኔ እንደምትመለከት አይገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ባምባሲ ያለችው እህቷ ወልዳ ነበርና አራስ ልትጠይቅ ተነሣች። በር ላይ ደርሳ ዞረች።

«ላፕቶፑን ሰኞ ፈተናውን ካሳተምኩ በኋላ ባለሙያ ጋ እወስደዋለሁ። እስከዚያ እንዳትነካው።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። አልነካም በለኝ።»

«አልነካም።»

«ፈተናው ሌላ ቦታ የለም። ሚስጥር ስለሆነ ስልኬ ላይ እንኳ አላስቀመጥኩትም። ሰማኸኝ?»

ሰምቻታለሁ። ችግሩ «ባለሙያ ጋ እወስደዋለሁ» ያለችውንም መስማቴ ነው። ባለሙያ ጋ! መሥሪያ ቤት ሙሉ ሰው እኔ ጋ እየመጣ፣ የገዛ ሚስቴ ሌላ ባለሙያ ጋ! እስቲ እናንተ ብትሆኑስ? ቁስል አይደለም?

ሚኒባሱ ባምባሲ ሳይደርስ እኔ ስልኬ ላይ የማስተማሪያ ቪዲዮ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ጸጉሩን እንደ ዶሮ ኩክኒ ያቆመ ወጣት ያስረዳል። ማንኛውም ላፕቶፕ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ኦሪጅናል ሲስተም ዲስኩ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል ይላል። መጀመሪያ የራሳችሁን ፋይል ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ቀጥሎ ኦሪጅናሉን ሲስተም ለመጠባበቂያ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ፋብሪካ እንዳወጣው አድርጋችሁ መልሱት። አለቀ። ከሰላምታው ጭምር ሻይ ተጠጥቶ የማያልቅ ቪዲዮ ነው።

ፍላሽ አለኝ። የኦብሴን ፈተና ሳይሰስት ተቀበለልኝ። ከፍቼም አረጋገጥኩ፤ «የዜግነት ትምህርት የሰባተኛ ክፍል ፈተና» ይላል። ጥያቄዎቹን ግን አላነበብኩም፤ ሚስጥር ማክበር አውቃለሁ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው እንከን አያወጣልኝም።

ወደ ሁለተኛው ሥራ ገባሁ። ኦሪጅናሉን ሲስተም የሚገለብጠውን ፕሮግራም ከፈትኩት፤ ፍላሽ ስካ አለኝ። ተሰክቷል። በቀይ ምልክት አጅቦ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጻፈ፤ መጨረሻው ላይ «እርግጠኛ ነህ?» ይላል። እኔ እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቀን የለም። አዎ አልኩት። ፍላሹ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ሥራውን ሲጀምር፣ ቪዲዮው ሁለት ጊዜ «ፍላሽ» ያለው ሁለት ፍላሽ ማለቱ እንደሆነ ጨርሶ አልታየኝም። ያ ቀይ ምልክት ያለው ጽሑፍ «እዚህ ፍላሽ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋለሁ» ነበር የሚለው። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ በጣም ረክቼ ፉጨት ላይ ነበርኩ።

ሦስተኛው ሥራ ተጀመረ። ላፕቶፑ አንድ ክብ ነገር እያሽከረከረ ራሱን ወደ ልጅነቱ መመለስ ያዘ። ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ መብራት ጠፋ።

ትልቁ ግድብ ጎረቤታችን ነው፤ ግን ጎረቤት ሁልጊዜ ቤት አይገኝም። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ካረጀ ቆይቷል። ስክሪኑ ላይ «ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ» ይላል፤ ባትሪው በጎን «ልጠፋ ነው» ይላል። መሀል ላይ እኔ አለሁ። በከተማችን መብራት ሲጠፋ የማይጨልምበት ማን እንደሆነ ሳስብ ሐጂ ሐሚድ ትዝ አሉኝ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሱቃቸው ጣሪያ ላይ ሶላር አለ። ፍላሹን ኪሴ ከትቼ፣ ቻርጀሩን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ላፕቶፑን እንደተከፈተ እንደ ጠበል ዕቃ በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለች አንዲት ጎረቤቴ።

«ፎርማት እያደረግኩ ነው!»

«በስመ አብ! የት ጋ ያመዋል?»

ባጃጅ አስቆምኩ። «ገበያ! ግን ቀስ ብለህ! ግን ቶሎ!» ሹፌሩ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን አየና «ኔትወርክ እየፈለገ ነው?» አለኝ። የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ሲያዩኝ ይታወቀኛል። ሰው ከቤት ውስጥ እሳት ይዞ ሲሮጥ ያያሉ፤ ኮምፒውተር ከፍቶ የሚሮጥ አይተው አያውቁም።

ሐጂ ሐሚድ የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸው፤ ቋንቋቸው በርታ ነው። ዐረብኛ በቁርአን ቤትም በንግድም ተምረዋል። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ነገር ግን እውነትና ውሸት ይለያል። ሱቃቸው በረንዳ ላይ ጋሽ ደሬሳ የሚባሉ ልብስ ሰፊ አሉ። የሁለቱ ወዳጅነት በክርክር የቆመ ነው፤ የሚስማሙበት ነገር ቢገኝ ሁለቱም ይደነግጣሉ።

ቻርጀሩ ተሰካ፤ ባትሪው ነፍስ ዘራ። ክቡ ነገር ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ አበቃ፤ ስክሪኑ በራ። ኦሪጅናሉ ሲስተም ወጣ። ኦሪጅናል ነው፣ አይካድም። ጽሑፉ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

ዐረብኛ!

ለካ ከፋብሪካ የወጣው ለዐረብ አገር ገበያ ኖሯል። እኔ ወደ ጥንቱ መልሼዋለሁ፤ ጥንቱ ይህ ነው።

«ያ ሰላም!» አሉ ሐጂ ሐሚድ መነጽራቸውን እያደረጉ። «ኮምፒውተሩ ሰላም አለች። እንኳን ደህና መጣህ አለች።»

«ሐጂ፣ ይድረሱልኝ። ኦብሴ ሳትመጣ ቶሎ እንጨርሰው። እርስዎ ያንብቡልኝ፣ እኔ እጫናለሁ።»

«አይ። እኔ አነበበ፣ እኔ ተጫነ። አንተ እጅህን እዚያ።»

መጀመሪያ ያለነው ከወዴት እንደሆነ ጠየቀ። ሐጂ የአገሮቹን ስም ዝርዝር አንድ በአንድ እያነበቡ፣ የሚያውቁት አገር ጋ ሲደርሱ እየቆሙ፣ እዚያ አገር ያለ ዘመዳቸውን እያነሱ፣ ኢትዮጵያ ጋ ደረስን። ከዚያ ስክሪኑን የሞላ ረጅም ጽሑፍ መጣ። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉት።

«ይህ ምንድን ናት?»

«ውል ነው፣ ሐጂ። ዝም ብለው እስማማለሁ የሚለውን ይጫኑት።»

«አንብበሃል?»

«አላነበብኩም። ማንም አያነበውም።»

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። ለቅሶ ቤት ሄዶ የሳቀ ሰው እንደሚታይ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ እኔ ጢም ሳያወጣ ነው ነጋዴ የሆነ። ውል ሳያነብ አንድ ቀን አልፈረመም። ሰውዬው እዚህ ስንት ነገር ጽፋለች፣ ለፍታለች። አለማንበብ ነውር ነው።»

መነጽሩ ተመለሰ፤ ንባቡ ተጀመረ። ድምፃቸው ያማረ ነው። ዐረብኛውን እያዜሙ ያነቡና ቆም ብለው ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ዜማውን ሰምቶ አንድ ጨርቅ ገዥ ቆመ። ሌላውም ቆም አለ። ጋሽ ደሬሳ የስፌት መኪናቸውን ፔዳል ትተው ገቡ።

«ኮምፒውተር ገዛሁ ብለህ አታስብ ትላለች» አሉ ሐጂ። «አልሸጥኩልህም። እንድትጠቀም ብቻ ፈቅጃለሁ ትላለች።»

«ታዲያ ኪራይ ነዋ!» አሉ ጋሽ ደሬሳ። «ተሸጠ የተባለ ዕቃ እንዴት መልሶ የሻጩ ይሆናል? እኔ ሱሪ ሰፍቼ ሰጥቼ፣ ሱሪው የእኔ ነው አንተ እግርህን ብቻ አግባበት ልበል?»

ከቆመው ሰው መሀል ሳቅ ተነሣ። እኔ ግን ሰዓት ነው የማየው።

«ዕቃው ሥራ ቢያበላሽ፣ ፋይል ቢጠፋ፣ ትርፍ ቢቀር፣ እኔን እንዳትጠይቅ ትላለች።»

«አትፈርም!» አለ ጨርቅ ገዥው። ሰውየው የማን ኮምፒውተር እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

«ከተጣላን ደግሞ የምንካሰሰው በእኔ አገር ፍርድ ቤት ነው ትላለች።»

«እዚያ በምን ሊሄድ ነው? በባጃጅ?» ጋሽ ደሬሳ በሐጂ ሐሳብ መስማማታቸው ሳይታወቃቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። «ሐጂ፣ ባለቤቱ ይጠራና እዚሁ እንነጋገር። ሽማግሌ አለ፣ ምን ችግር አለው?»

«ባለቤቱን መጥራት አይቻልም» አልኩ።

«ሞቷል?»

«አልሞተም። ሩቅ ነው።»

«ስልክ የለውም?»

እንግዲህ ይህን እንዴት ታስረዳላችሁ? ሐጂ ገጹን ዝቅ ቢያደርጉት ውሉ አያልቅም። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደረሰ። ሐጂ ተነሡ፤ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «እንዳትነካ» አሉኝ።

በዚያ ቀን ሁለተኛዬ ነበር። አልነካም አልኩ። ጀርባቸው ከመሰወሩ ሁለቱን ቁልፎች አየሁ። አንዱ ይስማማል፣ አንዱ አይስማማም። የቱ የቱ ነው? አሰብኩ፤ በእንግሊዝኛው መስማማት ሁልጊዜ በስተቀኝ ነው። ስለዚህ የቀኙን ነካሁት። ዐረብኛ ሁሉን ነገር ገልብጦ እንደሚጽፍ ያስታወስኩት ስክሪኑ ድርግም ካለ በኋላ ነው። ላፕቶፑ ጠፋ፤ ተነሣና እንደገና ሰላምታ ሰጠ።

ሐጂ ሲመለሱ እንኳን ደህና መጣህ የሚለው ላይ ደረሱ። አዩኝ። ስድብ አልወጣቸውም፤ ቀስ ብለው ተቀመጡና እንደገና ከአገሮቹ ዝርዝር ጀመሩ። ውሉ ጋ ስንደርስ ገጹን ዝቅ አድርጌ ያቆሙበትን ላሳያቸው ብል እጄን መለሱት።

«ከመጀመሪያ ነው። አሁን አንተ እምቢ ብለሃል። ምናልባት ሰውዬው ውሉን አሻሽላለች።»

ንባቡ እንደገና ተጀመረ። አዲስ መጪዎች ስላሉ ጋሽ ደሬሳ የሱሪውን ምሳሌ ደገሙት። ሱቁ በር ላይ የቆመው ሰው ውጭውን ጋርዶታል። ድንገት ከኋላ በኩል «ምንድን ነው? ሰው ተጎዳ እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሀል እለየዋለሁ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ኦብሴ ናት፤ ገና ባምባሲ ናት ያልኳትን ሚኒባሱ መልሶ አምጥቷታል። በአንድ እጇ ዘንቢል ይዛለች። ዓይኗ መጀመሪያ ሐጂን፣ ከዚያ ቢራቢሮዋን፣ ከዚያ እኔን አገኘ።

«ነካኸው» አለች።

ጥያቄ እንኳ አላደረገችውም።

«ችግር የለም!» አልኩ ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ። «ፈተናሽ እዚህ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ያስቀመጥኩት እሱን ነው።»

ሐጂ ሌላ ኮምፒውተር አልነበራቸውም፤ ጨርቅ ገዥው ግን ፍላሽ የሚቀበል ስልክ አለው። ተሰካ። እኔ ፈገግታዬን አዘጋጅቻለሁ። ሰውየው ስልኩን ላይ ታች እያደረገ ቆየና «እዚህ ሲስተም ብቻ ነው ያለው» አለ። ከእጁ ቀማሁት። እውነትም ሲስተም ብቻ ነው፤ ኦሪጅናሉ፣ በዐረብኛው፣ በጥንቃቄ የተገለበጠው። ያ ቀይ ምልክት ትዝ አለኝ።

«ኦብሴ…»

«ዋቃዮ ኮ» አለች ቀስ ብላ፤ በኦሮምኛ አምላኬን መጥራቷ ነው። ዘንቢሏን አስቀመጠችና የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ምሳዋን እየተወች የጻፈችውን ጥያቄ አውቃለሁ፤ በየቃሉ ስታስብ ጥፍሯን ስትነክስ አይቻታለሁ። ሰኞ ተማሪዎቹ ይቀመጣሉ። አይቲነቴ፣ ማዕረጌ፣ ሶኬቴ፣ አንዱም አልደረሰልኝም።

የሆነውን ያልሰሙት ሐጂ ሐሚድ ብቻ ናቸው። ንባባቸው ላይ ናቸው።

«ይህን ዕቃ መጠቀም ከጀመርክ፣ ባታነብም አንብበሃል፣ ባትስማማም ተስማምተሃል ትላለች።»

ኦብሴ ቀና አለች።

«ሐጂ፣ እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት።

«ይህ እኮ ጥያቄ ይወጣዋል» አለች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ። «ጋሽ ደሬሳ፣ ወረቀት አለዎት?»

ጋሽ ደሬሳ ልብስ የሚለኩበትን ቡናማ ወረቀት ቀደው ሰጧት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላይ አላምንም ነበር። ሐጂ አንቀጹን ያነባሉ፤ ኦብሴ ወደ ጥያቄ ትለውጠዋለች። «አንድ ሰው ያላነበበውን ውል ቢፈርም ኃላፊነቱ የማን ነው?» ትልና ለምርጫዎቹ ሰዉን ትጠይቃለች። አንዱ የገዥው ነው ይላል፣ አንዱ የሻጩ፣ አንዱ የመንግሥት። ጋሽ ደሬሳ «ሐ፦ የሰፊው» አሉ፤ «እንዲሳሳቱ እንዲህ ያለም ያስፈልጋል» ብላ እሱንም ጻፈችው። መብት ከሐጂ ውል ወጣ፤ ግዴታ ከሱሪው ወጣ፤ በሽምግልና መፍታት «ባለቤቱ ይጠራ» ከሚለው ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈተናው አለቀ። ጨርቅ ገዥው ጨርቅ ሳይገዛ፣ ግን መልሶቹን ለማንም እንዳይናገር በቁርአን ምሎ ሄደ።

ሐጂም ውሉን ጨረሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ አሉ፦ «እኔ እስማማለሁ የሚለውን ልነካ ነው። ወደን አይደለም። ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው። እናንተ ምስክር ናችሁ።» ሰዉ ሁሉ «ምስክር ነን» አለ። በቀስታ ነኩት። ላፕቶፑ ፏ ብሎ ተከፈተ፤ እንደ ግልገል ፈጣን ሆኗል። ኦሪጅናል አይደለሁም ማለቱንም ትቷል።

ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲቀይሩልን ሐጂን ልለምን ስል ኦብሴ ከለከለችኝ።

«ተዉት፣ እንዲሁ ይሁን። እኔ ፊደሉን ከሐጂ እማራለሁ። አንተ ማንበብ እስካልቻልክ ድረስ ላፕቶፔ በሰላም ያድራል።»

ሰኞ ጠዋት ፈተናውን ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተይባ አሳተመችው። የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ስትጽፋት አላሳየችኝም ነበር። ያየኋት የተማሪዎቹን ወረቀት ክምር ፊቴ አምጥታ ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ስታስቀምጥልኝ ነው። «ምርጫውን እኔ አርሜያለሁ። ማብራሪያው ያንተ ነው» አለችኝ። ጥያቄዋ እንዲህ ትላለች፦ «አንድ ባል፣ ሚስቱ አትንካ ያለችውን የሥራ ዕቃ ነክቶ ሥራዋን አጠፋ። ምን ዓይነት ቅጣት ይገባዋል? ምክንያትህን ወይም ምክንያትሽን አስረዳ፣ አስረጂ።»

ወሬው አሶሳን ቀድሞ ዞሯት ስለነበር ተማሪ ሁሉ ባልየውን ያውቀዋል። አንዱ «ባል» በሚለው ፈንታ ስሜን ከነአባቴ ጽፎታል። አንዷ ዓመት ሙሉ ዕቃ ይጠብ ብላ ፈርዳለች፤ ምክንያቷ ውኃ እጅን ሥራ ያስይዛል የሚል ነው። አንዱ ሽማግሌ ይቀመጥበት ይላል። አንዱ ደግሞ በአጭሩ «ባልየው ፎርማት ይደረግ» ብሏል፤ ምክንያት ስላልሰጠ ግማሽ ነጥብ ቀነስኩበት። በቀል አይደለም፤ ትዕዛዙ ምክንያት አስረዳ ነው የሚለው።

ጀርባዬን እያመመኝ ወደ ክምሩ ግርጌ ስደርስ በደቃቃ ጽሑፍ የተጻፈ መልስ አገኘሁ። «ሌላ ቅጣት አያስፈልገውም» ይላል። «የእኛን ጽሑፍ እሱ ራሱ ያርመው። ስለ ራሱ ይህን ሁሉ ሰው የጻፈውን እያንዳንዱን አንብቦ ነጥብ ከሰጠ፣ ተቀጥቷል።»

እስክሪብቶውን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁትና ኦብሴን «ሊያልቅ ነው እኮ» አልኳት።

«ጎበዝ» አለች ቀና ሳትል። «የሰባተኛ ‹ለ› ክምር ነገ ይመጣል።»